የተሰነጠቀው ጉበን

አዲሱ የብረት ምድጃ አልገባም። ሁለት ሰዎች ከመኪና አውርደው ሳሎን ድረስ ካስገቡት በኋላ፣ ከግድግዳው ምድጃ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ፣ እንግድነት ሄዶ ወንበር እንዳልቀረበለት ሰው ያየን ጀመር። የግድግዳው ምድጃ አፍ ስፋቱ ስድሳ ሁለት ሳንቲሜትር ነው፤ የብረቱ ስድሳ ሰባት። በዚያ ላይ አብሮት የመጣው ወረቀት በግራና በቀኙ ለአየር አሥር አሥር ሳንቲሜትር ይተውለት ይላል።

የለካው አማቼ፣ የልጄ ባል ነው። የሒሳብ መምህር ነው። የለካው በእኔ የልብስ ስፌት ሜትር ሲሆን፣ ቀዳዳውን ብቻ በመለካት ፈንታ ዙሪያውን የተለጠፈውን ጌጥ ጭምር ነው የለካው። ልጄ ሜትሩን ተቀብላ ደግማ ለካችና ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ተማሪዎችህ ይህን እንዳይሰሙ» አለችው።

«ለክቻለሁ እኮ።»

«መለካቱንማ ለክተሃል። የለካኸው ሌላ ነገር ሆኖ ነው እንጂ።»

አማቼ አፈረና ተንበርክኮ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳ ጀመር። ከአፉ ግራና ቀኝ ያለው ድምፁ ይለያል። በወጥ ቤት ቢላ ልስኑን ትንሽ ፋቅ ቢያደርገው፣ ሌላው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ እዚያ ጋ ጡብ ወጣ።

«አያችሁ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ድሮ አፉ ሰፊ ነበር። የሆነ ሰው በኋላ በጡብ ሞልቶ አጥብቦታል። ጡቡን ማውጣት ብቻ ነው። ምንም የተሸከመው ነገር የለም።»

ያ «የሆነ ሰው» ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ልጄ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ባለቤቴ የምድጃው አፍ ዝቅ ብሏል፣ ከፍ ይበል ብሎ ተነሳ። መካኒክ ነበር። ሰፈሩ «መፍትሔ» ይለው ነበር፤ የተሰበረ ወንበር፣ የማይዘጋ በር፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። ሞተርና ድንጋይ ግን አንድ አይደሉም። ከምድጃው አፍ በላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ አንድ ረጅም ድንጋይ አለ፤ ጉበን ይሉታል። ከላይ ያለውን ግንብ፣ ጭስ ማውጫውን፣ የፎቁን ክፍል ግድግዳ፣ ሁሉንም የሚሸከመው እሱ ነው። ባለቤቴ የዚህን ድንጋይ ሆድ በመሮ ይፈለፍል ጀመር። አራት ጣት ያህል ሲፈለፍል ድንጋዩ ጧ ብሎ መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ።

ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ድንጋዩን እንደ ደገፈ፣ ፊቱ ዱቄት መስሎ፣ «ክሪኩን አምጪ» አለኝ። የመኪና ማንሻውን ማለቱ ነው። ጎማ በሚነሳበት ክሪክ ጉበኑን አነሳነው። ከአሮጌ ጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ፣ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን የብረት ሰሌዳ፣ አቃንቶ ከስንጥቁ ስር አጋደመበት፤ ባሌስትራውን ደግሞ ከግራና ከቀኝ በጡብ ገንብቶ ደገፈው። አፉ የጠበበው በዚህ ነው። ልስኑ ሲደርቅ ምንም አይታይም። «ያጠበብኩት ጭሱን እንዲስብ ነው በይ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያው አልኩ። እሱ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ልጄም እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባቴ በእጁ የሠራው ነው» እያለች ያንን ግድግዳ ታሳያለች። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

እንግዲህ ያ ጡብ ሁሉንም ነው የተሸከመው። ከዚያ በላይ ደግሞ ፎቁ ላይ፣ ራስጌው ግድግዳውን ተደግፎ፣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ አልጋ አለ።

ታዲያ ወዲያው አትናገሪም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። እኔ በስጋቴ የታወቅኩ ሴት ነኝ። ደረጃው ረጥቧል እላለሁ። ሶኬቱ ይሞቃል፣ ልጅቷ ያለ ሹራብ ወጣች፣ የመኪናው ጎማ ወርዷል እላለሁ። ባለፈው ዓመት አማቼ ሕግ አወጣብኝ፤ በቀን ሦስት ስጋት። የልጅ ልጄ ዳኛ ሆነች፤ በጣቷ ትቆጥራለች። ከሦስት ያለፈው «ለነገ ይደር» ይባላል። እኔም ከእነሱ ጋር ስቄ ተቀበልኩ።

በዚያ ላይ ለሟች የገባሁት ቃል አለ። ስለዚህ ዘዴ ፈለግሁ። የምድጃውን ቧንቧ ሊገጥም ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ግንበኛ ይመጣል ተብሏል። በር ላይ ጠብቄው፣ «ልጄ፣ ጉበኑ ተሰንጥቋል፤ አንተ ራስህ እንዳገኘኸው አድርገህ ተናገር» ልለው ነው። ድንጋዩ ይቀየራል፣ የባለቤቴም ስም ይተርፋል። በዘዴዬ ረክቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እነዚያን ሁለት ቀኖች ዛሬ ሳስባቸው ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ስጋቴን ቁርስ ሳይቀርብ ጨረስኳቸው። አንዱ ስለ ወተቱ ትኩስነት፣ አንዱ ደረጃ ላይ ስለ ተጣለ ኳስ፣ ሦስተኛው ምን እንደነበረ እንኳ ጠፍቶኛል። ልጄ ጓሮ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። የልጅ ልጄ ፎቅ አልጋዋ ላይ ሆና ሥዕል ትስላለች። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት የግቢውን በር እየጠበቅኩ ድንች እልጣለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሳሎን ውስጥ መዶሻ ሰማሁ።

ቢላውን እንደያዝኩ ሄድኩ። አማቼ ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፎ፣ በግራ በኩል አራት ጡብ አውጥቶ በሥርዓት ደርድሯቸዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ግንበኛው ሲመጣ ተሠርቶ ይቆየው ብዬ ነው። በስልክ አይቼዋለሁ፤ ቀላል ነው።»

«ተው አቁም።»

«እማማ፣ የዛሬው ኮታዎ አልቋል።» ሳቀና መሮውን አምስተኛው ጡብ ላይ ደገነ። አንዴ መታ። ከላይ፣ ከልስኑ ስር፣ እንደ ተነፋ ዱቄት የደቀቀ አቧራ ዘነበ። እሱ አላየውም፤ እኔ አየሁት።

 ከእሱ ጋር አልተከራከርኩም፤ ደረጃውን ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ወጥቼ አላውቅም።

«ተነሺ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች» አልኳት ልጅቷን።

«ለምን?»

«ልብስ ልታሰጪ።»

እርሳሷን ሳትለቅ አየችኝ። «አያቴ፣ ፈርተሻል እንዴ? ይሄ እኮ አራተኛሽ ነው።»

«ተበድሬ ነው» ብዬ እጇን ይዤ ወረድኩ። በጓሮ በር አውጥቼ ለእናቷ ሰጠኋትና «ያዥልኝ፣ ቤት እንዳትገባ» አልኳት። ልጄ አፏ ውስጥ የልብስ መቆንጠጫ ስለነበረ ምንም ሳትመልስልኝ ተመለስኩ።

አማቼ የጡቡን መገጣጠሚያ በመሮው ሲፍቅ ቆይቶ ሁለተኛውን ምት ሊያሳርፍ ነው። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ጎትቼ በእሱና በምድጃው መሀል አስገባሁና ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«እማማ!» ብሎ መዶሻውን አወረደ። «ምን ሆነዋል? ይነሱ እንጂ፣ አንድ ነገር ቢወድቅብዎስ?»

«ምንም የተሸከመው ነገር የለም አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚወድቅብኝ?»

 ቆሞ እኔን፣ ቀጥሎ ጡቦቹን፣ ቀጥሎ ከራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ አየ። በዚህ መሀል ልጄ መጣች፤ ልጅቷን ጎረቤት ትታት መምጣቷ ነው።

«እማዬ፣ ደግሞ ምን አመጣሽ? እሱ ሊሠራበት ነው።»

ድንጋዩ ከላዬ እንዳለ እያወቅኩ መቀመጤ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ቀጥሎ የምናገረው ነበር።

«ከላይ ያለው ጉበን ተሰንጥቋል» አልኳት። «የሰበረው አባትሽ ነው። ጡቡን የገነባው ድንጋዩን ሊደግፍበት ነው፤ የጭሱ ነገር ውሸት ነው።»

«አባዬ?»

«በመሮ ሲፈለፍለው።»

«አባዬ የነካው ነገር ተሰብሮ ያውቃል?»

«ይሄ ተሰብሯል። እኔ ነኝ ክሪኩን ያቀበልኩት።»

አማቼ መዶሻውን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አንሶላው ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ቀስ ብለው ይነሱ» አለኝ። እጄን ይዞ አስነሳኝና ሦስታችንም ወጥተን ግቢው ውስጥ ቆምን። 

ግንበኛው ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ሃምሳ ያለፈው፣ ሲራመድ እንኳ መሬቱን የሚመርጥ ሰው ነው። የሚያውቁት «ቀስ» ይሉታል አሉ፤ ሲጠሩትም አቤት ይላል። ዘዴዬን ትቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድንጋዩን፣ ባሌስትራውን፣ ጡቡን፣ የወጡትን አራት ጡቦች። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና ባትሪ ይዞ ገባ። ተንበርክኮ በወጡት ጡቦች ክፍተት ወደ ላይ አበራ። ለረጅም ጊዜ አበራ።

«መምህር፣ ይህን ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አምስተኛውን ለምን ተውከው?»

«አማቴ ወንበር አምጥተው ተቀመጡበት።»

«ደግ አደረጉ። የባሌስትራው አንድ ጫፍ የቀረው በጡብ ተኩል ላይ ነው።» መጀመሪያ ያደረገው አራቱን ጡቦች በእንጨት ሽብልቅ እያጠበቀ ወደ ቦታቸው መመለስ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ስንጥቁ ወደ ላይ ወጥቷል? ሲሰፋ አይተውት ያውቃሉ?»

«ወጥቷል። አልሰፋም።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

ይዤው ፎቅ ወጣሁ። ልጄና አማቼ ተከተሉን። ከልጅቷ አልጋ አጠገብ የተሰቀለውን መስታወት አወረድኩት። ከኋላው ከፀጉር የማይወፍር ስንጥቅ አለ፤ እሱን እያቋረጡ የሚያልፉ አጫጭር የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ ከየመስመሩ አጠገብ በእኔ እጅ የተጻፈ ቀን አለ። በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ እወጣለሁ። መስመሩ ሳይቆረጥ ካለ ስንጥቁ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። እርሳሱ ሲደበዝዝ አዲስ አሰምራለሁ። ይህን ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው።

ግንበኛው መነጽሩን አውጥቶ ከላይ ወደ ታች አነበበ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ የተከታተለ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። «መሐንዲሶችም ይህን አያደርጉም።» ድንጋዩ በድጋፉ ላይ እስካለ እንደማይቸኩል፣ እሱም ረጋ ብሎ መሥራት እንደሚችል ነገረን። ልጅቷ ግን እስኪያልቅ እዚህ ክፍል አትገባም።

ልጄ ይህን የሰማች አልመሰለኝም። ጎንበስ ብላ ቀኖቹን ታነባለች።

«እዚህ ክፍል ውስጥ እስካገባ ድረስ ተኝቻለሁ» አለች ሳትዞር። «እያወቅሽ።»

«እያወቅኩ።»

«ቀጥሎም ልጄን አስተኛሁ። እያወቅሽ።»

«አባትሽ ይይዛል አለኝ፤ አመንኩት። ማመኑ ግን ብቻውን አላስቀመጠኝም። ለዚያ ነው የምወጣው።»

«ክፍሉን ለምን አልቀየርሽልኝም?»

«ብቀይርልሽ ‹ለምን?› ትዪኝ ነበር።»

ያኔ ዞራ አየችኝ። መልሱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ለእኔም ተሰማኝ። በየወሩ ደረጃ የሚወጣ ጉልበት ነበረኝ፤ አልጋ የሚያስገፋ አንዲት ቃል ግን አልነበረኝም። ልጄ ወረደች። የጓሮው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ሥራው ሁለት ሳምንት ከግማሽ ፈጀ። ልጅቷ ከእኔ ጋር ታች ተኛች። ግንበኛው ከጉበኑ በላይ ሁለት ድንጋዮች አወጣና በቦታቸው ወፋፍራም ብረቶች አስገባ፤ ብረቶቹን ከወለሉ ላይ በቆሙ የብረት ድጋፎች ደገፋቸው። በዚህም የግንቡ ክብደት ከአሮጌው ጉበን ላይ ተነሳ። ከድጋፎቹ እግር ስር ጣውላ አነጠፈ፤ ወለሉ እንዳይሰምጥ ነው። እኔ በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም በየቀኑ ይመልስልኛል። አዲሱ ጉበን አራት የፌሮ ብረት የገባበት ኮንክሪት ነው። ጫፉ በየጎኑ ድንጋይ ላይ ስንት ያህል ይቀመጣል? እላለሁ። ሃያ ሳንቲሜትር። አሥራ አምስት አይበቃም? ይበቃል፤ እርስዎ ስላሉ ሃያ አድርጌዋለሁ።

አማቼ በሦስተኛው ቀን ድጋፉን መቼ እናውጣ ብሎ ጠየቀ።

«መምህር፣ ሲሚንቶና አማት አይቸኮልባቸውም» አለው ግንበኛው። «ሁለቱም ዝም ያሉ ይመስላሉ፤ ውስጥ ለውስጥ ሥራ ላይ ናቸው።»

አማቼ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ በአጠገባችን አለፈች፤ አልሳቀችም። በእነዚያ ቀናት ከእኔ ጋር የምታወራው ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊው፣ ልጅቷ በላች ወይ፣ ይህን ያህል ነው። እኔም ስጋቴን ሁሉ ለግንበኛው አደረግኩት እንጂ እሷ ዘንድ አልሄድኩም። ስትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እናት ናት፤ ልጇን ስንጥቁ አጠገብ አስተኝታ ነበር። እኔም እናት ሆኜ ይህንኑ ነው ያደረግኩት፤ ልዩነቱ እኔ ማወቄ ነው።

አሮጌው ጉበን ሲወጣ ሁለት ቦታ ሆኖ ጓሮ ተጣለ። አማቼ ተቀምጦ የመሮውን ፍንክት በጣቱ ይዳስሳል።

«እኔም ብሆን ልክ እዚህ ጋ ነበር የምመታው» አለ፤ ልጄ ልብስ ልታወርድ መጥታለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሠራሁ ቁጥር ‹አባዬ ቢኖር› ስትዪኝ ኖረሻል። ይኸው ከእሱ ጋር አንድ ያደረገኝ ነገር ተገኘ።»

«እሱ እንኳ የለካውን በትክክል ለክቷል» አለች። ግን ከንፈሯ ፈገግ ብሏል። ድንጋዩን በእግሯ ጫፍ ነካችው። «ሲሰበር ምን አለ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ክሪኩን አምጪ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌሊቱን ሁሉ ድንጋዩ ስር ቁጭ ብሎ አደረ። ጠዋት ሊያስተኛሽ ሲመጣ... አይ፣ ሊቀሰቅስሽ ሲመጣ፣ ጫማሽን ማሰር አቃተው። እኔ አሰርኩልሽ።»

ልብሱን እያጣጠፈች ቆየች። «ሰርጌ ቀን ጽፈሻል» አለች በኋላ። «ሰኞ አልነበረም እኮ፣ ቅዳሜ ነበር።»

«ቤት ሰው ሊሞላ ነው ብዬ። ጠዋት አየሁት።»

«ለዚያ ነው ሜካፕ ሲሠሩልኝ የጠፋሽው?»

«ለዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ እያለቀስሽ መስሎኝ ነበር።» የተጣጠፈውን ልብስ ክንዴ ላይ አስቀመጠችና ሌላውን ልታወርድ ሄደች።

ድጋፉ የወጣ ቀን ሁላችንም ግቢ ቆመን ግንበኛው ብቻውን ገባ። ሲጨርስ ጠራን። የግራና የቀኙ ጡብ ተነስቶ አፉ ዘጠና አምስት ሳንቲሜትር ሆኗል፤ የብረት ምድጃው ገብቶ ግራና ቀኝ አሥራ አራት አሥራ አራት ተርፎታል። አማቼ ሦስት ጊዜ ለካው። ግንበኛው ቧንቧውን እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ አውጥቶ፣ ከምድጃው በላይ የነበረውን የእንጨት መደርደሪያ አንስቶ፣ እሳት ሲነድ ለአየር ይሁን ብሎ ግድግዳው ላይ መተንፈሻ ከፍቶ፣ «ይህን ማንም በጨርቅ እንዳይወትፈው» አለ። ይህን ሲል ያየው እኔን ነው፤ ብርድ ይገባል ብዬ ማሰቤን ከፊቴ ላይ አንብቦት መሆን አለበት።

መጀመሪያ የነደደው ትንሽ እሳት ነው። ጭሱ ወደ ላይ ተሳበ።

የፎቁን ስንጥቅ ግን ሊለስነው አልፈለገም። ግንቡ አዲሱ ጉበን ላይ ሲረጋ ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ለአንድ ወር በየሰኞው ይታይ፣ ልጅቷም እስከዚያ ታች ትቆይ አለ። እርሳሱን ለእኔ ዘረጋልኝ። ልጄ ከመሀል ተቀበለችው።

«እኔ አሰምራለሁ» አለችው።

ወጥታ አሰመረች፤ ቀኑንም ጻፈች። ሰኞም ወጣች፣ አየች፣ ጻፈች። በሦስተኛው ሰኞ ሥራ ነበራትና ረስታው ይሆናል ብዬ ደረጃውን ቀስ ብዬ ወጣሁ። ቀኑ ተጽፏል፤ የአማቼ ጽሕፈት ነው፤ ከአጠገቡም «አልተንቀሳቀሰም» ብሎ ጨምሮበታል። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁት። እውነትም አልተንቀሳቀሰም።